መልስ፦ ወንበር መቀየር ብቻውን አይበቃም

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካችሁ ውስጥ የቢሮ ሠራተኞችን የኮምፒውተር ቦታ ለሰውነታቸው ይመች እንደሆነ ገምግም ተብለህ፣ ወንበር ብንቀይር ይበቃል ወይ ብለሃል። አይበቃም። መጀመሪያ ሰዎቹን ሥራ ላይ እያሉ እያቸው፤ ባዶ ጠረጴዛ መለካት ብዙም አይነግርህም። የስክሪኑ የላይኛው ጫፍ ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ርቀቱ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ክርን ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ። እግር መሬት ካልደረሰ ከሥሩ ጠንካራ ጣውላ አድርግለት፣ ብዙ ብር አያስወጣም።

ላፕቶፕ ላይ የሚውሉትን ግን አደራ! ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ ስለሆኑ ወይ አንገት ይጎብጣል ወይ ትከሻ ይወጠራል፤ ላፕቶፑን ከፍ አድርገህ ለብቻው ኪቦርድና ማውስ ስጣቸው። የከሰዓቷ ፀሐይ በመስኮት የምትገባ ከሆነ ደግሞ መስኮቱ ከስክሪኑ ጎን እንዲሆን ጠረጴዛውን አዙረው፣ ፊት ለፊትም ከጀርባም አይሁን።

አለቃህ ወጪ በዛ ካለ፣ የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት መጠበቅ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ንገረው። እጄ ይደነዝዘኛል የሚል ሰው ካገኘህ ግምገማው እስኪያልቅ አትጠብቅ፣ ቶሎ ሐኪም ይየው።