ሎሚው ለምን ፊት ያጨማድዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሌመን ድሮፕ የሚባለውን ኮክቴል ቤት ውስጥ ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ቮድካ፣ ሎሚና ስኳር ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዴ ፊት የሚያጨማድድ ኮምጣጣ ይሆንብኛል፣ ሌላ ጊዜ ውሃ ውሃ ይላል፣ ስኳሩም ሳይሟሟ ብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል። ሼከር (መጠጥ ከበረዶ ጋር የሚመታበት ባለ ክዳን ዕቃ) የለኝም፣ መጠኑንም በዓይኔ ነው የምገምተው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ችግሩን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ «በዓይኔ ነው የምገምተው» ያልሽው ላይ ነው ያለው። ቮድካ በብርቱካን ጭማቂ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግምት ብዙም አይጎዳሽም ነበር፣ ብርቱካን በራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ትንሽ ቢበዛም ቢያንስም ይጠጣል። ሎሚ ግን ምሕረት የለውም። ከጭማቂው 5 ወይም 6 በመቶው ሲትሪክ አሲድ የሚባለው ኮምጣጣ ነገር ነው፣ የብርቱካን ግን 1 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ሲጨመር ምላስ ወዲያው ያውቀዋል።

እኔ የምሠራበት መጠን ይኸውልሽ፦ 45 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ 20 ትሪፕል ሴክ (ከብርቱካን ልጣጭ የሚሠራው ሊከር፣ ማለትም ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ)፣ 25 ሎሚ፣ 15 የስኳር ሽሮፕ። ልዩ መለኪያ መግዛት የለብሽም። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ቮድካው ሦስት የሾርባ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ ሌላውንም በዚሁ ትለኪያለሽ።

ስኳሩ ያልሟሟልሽ መጠጡ ቀዝቃዛ ስለሆነና አልኮል ስላለበት ነው። አስቀድመሽ እኩል ስኳርና ሙቅ ውሃ አማስይ፣ እስኪጠራ ጠብቂ፣ አቀዝቅዢው፤ የስኳር ሽሮፕ ያልኩሽ ይህን ነው። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሎሚውን ደግሞ እባክሽ ራስሽ ጭመቂው። የታሸገው ጭማቂ እንደ ትኩሱ አይሸትም፣ የዚህ መጠጥ ግማሽ ደስታ ደግሞ ሽታው ነው።

አሁን ወደ በረዶው። ሰው ሁሉ በረዶ ለማቀዝቀዝ ብቻ የሚገባ ይመስለዋል። ሲመታ ግን ይቀልጣል፣ መጠጡም የራሱን ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውሃ ይወስዳል። ያ ውሃ የአሠራሩ አካል ነው፣ የአልኮሉን ማቃጠል የሚያለዝበው እሱ ነው። የሚበላሸው በረዶው አስቀድሞ ላብ ያወጣና የደቀቀ ሲሆን ነው፤ ያኔ መጠጡ ገና ሳይቀዘቅዝ ይቀጥናል። ትልልቁን በረዶ ከፍሪዘር አውጥተሽ ወዲያው ተጠቀሚ። ለሼከር ምትክ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ወፍራም ዕቃ ወይም የውሃ ኮዳ ይበቃል። ከ12 እስከ 15 ሰከንድ በኃይል ምቺው፣ እጅሽን እስኪቆረጥመው ድረስ፣ ከዚያ በሻይ ማጥለያ አጥልለሽ ቀድሞ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ቅጂው። ሶዳ ያለበትን ነገር ግን በተዘጋ ዕቃ ፈጽሞ እንዳትመቺ፣ ክዳኑ ይፈናጠራል።

መጠጡ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንደተጀመረ ይነገራል፣ ስሙንም የወሰደው ከሎሚ ከረሜላ ነው። ስትቀምሺው ከረሜላውን አስቢ፤ መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ወዲያው ጣፋጩ ይደርስለታል። ካልደረሰለት አንድ የሻይ ማንኪያ ሽሮፕ ጨምሪ።

ጥያቄ፦ ስምንት እንግዶች አሉብኝ። ከአንድ ቀን በፊት ቀላቅዬ ባስቀምጠው ይበላሻል?

መልስ፦ ቮድካውን፣ ትሪፕል ሴኩንና ሽሮፑን ዛሬ ቀላቅለህ ጠርሙስ ውስጥ ክተተው፣ ምንም አይሆንም። ሎሚውን ግን እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ጭመቀው፣ ካደረ ጣዕሙ ይደበዝዛል። ለስምንት ሰው እየመቱ ማሳለፍ አድካሚ ነው። ካልመታኸው ከበረዶው የሚያገኘውን ውሃ ራስህ መጨመር አለብህ፣ የጠቅላላውን ሩብ ያህል የመጠጥ ውሃ። ይህን ብዙዎች ይረሱና መጠጡ ጉሮሮ ይልጣል። ከዚያ በደንብ አቀዝቅዘህ ቅዳ።

ደግሞ ጣዕሙ እንዳያታልላችሁ። ከላይ ባለው መጠን፣ ትሪፕል ሴኩም እንደ ቮድካው 40 በመቶ ከሆነ፣ አንዱ ብርጭቆ 26 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ ባለ 5 በመቶ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ግን 16.5 ነው። መኪና የሚነዳ እንግዳ ካለ ያለ ቮድካና ያለ ሊከር፣ በሎሚ፣ በሽሮፕና በሶዳ ሥራለት፤ ሶዳውን ብርጭቆው ላይ መጨረሻ ጨምረው።

ጥያቄ፦ ሌመን ድሮፑን በማቀርብበት ብርጭቆ አፍ ዙሪያ የማደርገው ስኳር አልጣበቅ አለኝ።

መልስ፦ በውሃ አታርጥቢው፣ በተቆረጠ ሎሚ አሺው። ከውጭ በኩል ብቻ፣ ግማሽ ዙሪያውን፤ ወደ ውስጥ ከገባ ስኳሩ መጠጡ ውስጥ እየወደቀ ያጣፍጠዋል። ግማሹን ባዶ ስትተዪው ደግሞ ስኳር የማይወድ ሰው በዚያ በኩል ይጠጣል።