ተንደርበርድ ላስቸገራችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጀመዓ። ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ተንደርበርድ (የኢሜይል ፕሮግራሙ) ላይ የገጠማችሁን ጠይቁኝ። አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፕሮግራሙን ዝጉና የፕሮፋይል ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ። ሄልፕ፣ ከዚያ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን፣ ከዚያ ኦፕን ፎልደር ስትሉ ታገኙታላችሁ። ኢሜይላችሁ ያለው እዚያ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ኢሜይሌ አልሠራ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንዲህ ብቻ ብትለኝ ምን ልመልስልህ? አይገባም ወይስ አይወጣም? የሚያወጣውን መልእክት እንዳለ ጻፍልኝ።

ከወልዲያ፦ ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ "ሰርተፍኬቱ ልክ አይደለም" ይለኛል። ብሮውዘሩም እንደዚያው።

መልስ፦ ቀኑን እይ። እኛ አካባቢ በሽታው በአብዛኛው ይሄ ነው። አንደኛ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ባትሪዋን ቀይር፣ ርካሽ ናት። ሁለተኛ፣ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉ አሉ። ሰርተፍኬት ማለት ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት መታወቂያ ነው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ማሽንህ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ፣ ለእሱ ሰርተፍኬቱ ገና አልተሰጠም፤ ስለዚህ አይቀበለውም። ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ የምትጎትቱትም ተዉ። የላካችሁት ደብዳቤ ተቀባዩ ጋ የቆየ መስሎ ከታች ይቀበራል። ታይም ዞኑን ናይሮቢ ላይ አድርጉት፣ የእኛው ነው።

ከሐይቅ፦ የራሳችን ዘመን አቆጣጠር እያለ በፈረንጅ መሄዱ ግን ይከብዳል።

ከመርሳ፦ ደብዳቤው ላይ በኢትዮጵያ ቀን ጻፋ። ማሽኑን ለምን ትነካዋለህ?

ከሐይቅ፦ የቢሯችን መዝገብ በኢትዮጵያ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ደብዳቤ ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው።

ከመርሳ፦ እኛም ቢሮ ነን። ሁለቱንም ቀን እንጽፋለን፣ አለቀ።

መልስ፦ መዝገቡ በእኛ ይሁን፣ ማሽኑን አትንኩት። ወደ ጥያቄው።

ከከሚሴ፦ የጂሜይል ፓስወርዴ ስልኬ ላይ ይሠራል። ተንደርበርድ ግን ተሳስተሻል ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ፓስወርድሽ ልክ ነው። ጉግል ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተራ ፓስወርድ ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን ከግል አካውንት እያገደ ነው። ሰርቨር ሴቲንግ ውስጥ "ኦተንቲኬሽን ሜተድ" የሚለውን ወደ ኦኦት2 (በጉግል በራሱ መስኮት የሚያስገባው) ቀይሪው። የወጪውንም እንዲሁ።

ከወረኢሉ፦ የተላከልኝ አማርኛ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆነ።

መልስ፦ ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል። በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) ጽፈው ድጋሚ ይላኩልህ።

ከኮምቦልቻ፦ ያው እኔ ነኝ። ይገባል፣ አይወጣም። "ታይም አውት" ይላል።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። የወጪው ፖርት (የሰርቨሩ በር ቁጥር) 25 ከሆነ ወደ 587 ከስታርትቲኤልኤስ (የምስጠራ ምርጫ ነው) ጋር ቀይረው። እምቢ ካለ 465 ከኤስኤስኤል ጋር ሞክር። የገቢውን 993 አትንካ።

ከላሊበላ፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንቦክሴ ባዶ ሆነ። የሦስት ዓመት ሪፖርት እዚያ ነበር። አካውንቱን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልክፈተው?

መልስ፦ እንዳታጠፊው! አካውንትሽ ፖፕ (ደብዳቤን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያወርደው) ከሆነ ደብዳቤዎቹ ሰርቨሩ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ያለሽ ኮፒ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተንደርበርድ የአንድ ፎልደር ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ትልቅ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። አጠገቡ መጨረሻው ኤምኤስኤፍ የሆነ ትንሽ ፋይል አለ፤ ማውጫ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማውጫው ነው። ፕሮፋይሉ ውስጥ ገብተሽ "ኢንቦክስ" የሚለውን፣ ኤምኤስኤፍ የሌለበትን፣ መጠኑን ንገሪኝ። እና ሁላችሁም ስሙ፦ ዩፒኤስ ወይም የሚሠራ የላፕቶፕ ባትሪ ከሌላችሁ "ኮምፓክት" (የተሰረዙ ደብዳቤዎች የያዙትን ቦታ የሚያስለቅቀውን) አትበሉ። ያን ጊዜ ፋይሉ እንደ አዲስ እየተጻፈ ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ጉዳቱ ከማውጫው ያልፋል።

ከሐይቅ፦ እኔም ሰርተፍኬት ይለኛል።

መልስ፦ ለወልዲያው የመለስኩትን አንብብ። ቀኑን!

ከመርሳ፦ አውትሉክ ላይስ?

መልስ፦ አውትሉክ አልሠራም። የሚያውቅ ይመልስልህ።

ከላሊበላ፦ 5 ጊጋ ይላል። ኮፒ ላድርገው ብል ፍላሹ አልቀበል አለ። ቦታ ግን አለው።

መልስ፦ እሰይ! ደብዳቤዎችሽ አሉ ማለት ነው። ፍላሹ ፎርማቱ ፋት32 (የቆየ የፋይል አያያዝ) ሳይሆን አይቀርም፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም። ለጊዜው ዲ ድራይቭ ላይ ኮፒ አድርጊው። ከዚያ ተንደርበርድን ክፈቺ፣ ኢንቦክሱን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሪፔር ፎልደር። 5 ጊጋ ስለሆነ ይቆያል፣ መሃል ላይ አትዝጊው።