«ጭንቅላት ላይ የሚሠራ» የግፊት መድኃኒት ልጄን ይጎዳብኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ለክትትል ስሄድ ግፊቴ 150/100 ሆነና ሜቲልዶፓ 250 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ አዘዙልኝ። ስወስደው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ አፌም ይደርቃል። ጎረቤቴ ስልኳ ላይ አንብባ «ይሄ እኮ ጭንቅላት ላይ ነው የሚሠራው፣ ልጁን ዘገምተኛ ያደርገዋል» አለችኝ። ደንግጬ ከተውኩት 5 ቀኔ ነው። በምትኩ እናቴ የምትወስደውን ኢናላፕሪል ጀምሬያለሁ። ሰሞኑን ራሴን ያመኛል። አማቴ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ እያሹልኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትሽን ኢናላፕሪል አሁኑኑ አቁሚ። ከዚያ ነገ ሳትዪ ዛሬውኑ ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ። ሁለቱንም መድኃኒት ይዘሽ ሂጂ። የቀረውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

ጎረቤትሽ ግማሹን እውነት ነው የነገረችሽ። ሜቲልዶፓ አንጎል ላይ ይሠራል። ዋና ሥራው ያለው ግን የአንጎል ግንድ በሚባለው፣ ከማጅራታችን ከፍ ብሎ በሚገኘው ክፍል ነው። ከዚያ የሚነሱ ነርቮች ልብን «ፍጠን»፣ የደም ሥሮችን «ጥበቡ» እያሉ ያዝዛሉ። ትእዛዙ ሲበዛ ግፊት ይጨምራል። ሜቲልዶፓ አንጎል ውስጥ ገብቶ ሲለወጥ፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን ኖርአድሬናሊን የሚመስል ነገር ይሆናል። ይህ ነገር አልፋ ሁለት የተባሉትን ተቀባዮች ይነካል። እነሱ ለዚያ ትእዛዝ እንደ ፍሬን ናቸው። ፍሬኑ ሲያዝ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ግፊቱም ይወርዳል። እንቅልፉና የአፍ ድርቀቱም የዚሁ ሥራ ውጤት ናቸው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይና መጠኑ ሲጨመር ይበረታሉ፣ ከዚያ ይቀንሳሉ። ከመኝታሽ ስትነሺ ቀስ በዪ፣ ሊያዞርሽ ይችላል።

የልጅሽን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። መድኃኒቱ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል፤ ይህን አልደብቅሽም። ግን ለነፍሰ ጡሮች ሲሰጥ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ሜቲልዶፓ የወሰዱ ልጆች እስከ 7 ዓመት ተኩል ድረስ ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ታተመ። በአእምሮም በአካልም እድገታቸው ጉዳት አልተገኘባቸውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ልጅሽን ዘገምተኛ አያደርገውም። በዚህ እንቅልፍ አትጪ።

የሚያስፈራኝ በምትኩ የወሰድሽው ነው። ኢናላፕሪል ለእናትሽ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለነፍሰ ጡር ግን የተከለከለ ነው፤ በተለይ አንቺ ባለሽበት ወራት የልጁን ኩላሊት ይጎዳል፣ የሽርት ውሃውንም ያሳንሳል። ለልጅሽ ብለሽ ደህናውን ትተሽ የሚጎዳውን ወሰድሽ! የሌላ ሰው የግፊት ክኒን አይዋጥም፤ የእናትም ቢሆን። የጥቂት ቀን ነገር ስለሆነ ልጄ ተጎዳ ብለሽ አትደምድሚ። ግን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው፣ በአልትራሳውንድ ያይልሻል።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። ይህን አማትሽም ጭምር ያንብቡልኝ።

ዳማከሴን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ግፊት ያለባት ነፍሰ ጡር ራሷን ሲያማት፣ ግፊቷ እስኪለካ ድረስ «ምች ነው» አይባልም። ጎንደር ውስጥ ይህ ቃል ስንት እናት ቤት እንዳስቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል። ፀሐይ መታት ይባላል፣ ቅጠሉ ይታሻል፣ ተከናንባ ትተኛለች፣ አንድ ቀን ያልፋል። በዚያ አንድ ቀን ግፊቱ አደገኛ የሚባለውን 160/110 ሊያልፍ ይችላል። ሜቲልዶፓ ደግሞ በተቋረጠ በ2 ቀን ገደማ ግፊቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንቺ 5 ቀን ሆኖሻል። ራስ ምታቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ከሆነ እኔ ምች ብዬ አላልፈውም።

የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ድንገት የፊትና የእጅ ማበጥ፤ ከነዚህ አንዱ ከታየ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ለጤና ጣቢያ ከባድ ከሆነ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይልኩሻል። ቀጣዩ ማንቀጥቀጥ ነውና። አንዲት ነፍሰ ጡር ስትንቀጠቀጥ ሰው «መንፈስ ነው» ብሎ ክብሪት ያጨስባታል። አታጭሱባት! በግራ ጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ መኪና ፈልጉ። ሆስፒታል ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ፤ ማንቀጥቀጡን የሚያቆመው እሱ ነው። ጸበልም ከሆነ የምትፈልጉት፣ ጸበሉ መድኃኒት አቁሙ አይልም፤ ጠጥታ ትሂድ።

ይህ አደጋ ስትወልጂም ወዲያው አያልፍም። ከወሊድ በኋላም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሊመጣ ይችላል። አራስ ቤት ሆነሽ ራስሽን ካመመሽም ተለኪ።

ሜቲልዶፓውን መልሰሽ ስትጀምሪ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። የደም ማነስ መከላከያ ብለው የሰጡሽ የብረት ክኒን ካለ አብረሽ አትዋጪው፤ ሜቲልዶፓው ወደ ሰውነትሽ በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቂው። ስሜትሽ እየከፋ፣ ሆድ እየባሰሽ ከመጣ ደግሞ ተናገሪ። መድኃኒቱ አንዳንዴ እንዲህ ስለሚያደርግ፣ ከወለድሽ በኋላ በሌላ ሊቀይሩልሽ ይችላሉ።