መልስ፦ ሁቨር ቆፋሪ ነበር ወይስ መሐንዲስ?

ወንድሜ፣ ኸርበርት ሁቨር የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት «ተራ ማዕድን ቆፋሪ ነበር» የሚባለው እውነት ነው ወይ ላልከው፣ ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ከስታንፎርድ በጂኦሎጂ ተመርቆ ደህና ሥራ ሲያጣ፣ ካሊፎርኒያ ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ጋሪ ገፍቷል።

ዕድሉ የተከፈተው በ1897 ነው። አንድ የለንደን ድርጅት በማዕድን መሐንዲስነት ቀጥሮ ምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ላከው፤ ያውም ገና በ22 ዓመቱ! ሥራው የወርቅ ጉድጓድ መርምሮ ይገዛ ወይስ ይቅር ብሎ መፍረድ ነበር። ይገዛ ያለው «ሰንስ ኦፍ ግዋሊያ» እስከ 1963 ድረስ ወርቅ ሰጥቷል።

በ1899 አግብቶ ወዲያው ከባለቤቱ ከሉ ጋር ቻይና ገባ። በዓመቱ የውጭ ሰዎችን ከቻይና ለማባረር የተነሳው የቦክሰሮች አመፅ ፈንድቶ ቲያንጂን ከተማ ውስጥ ተከበቡ። እኔን ይበልጥ የምትገርመኝ ግን እሷ ነች፤ ራሷም የጂኦሎጂ ምሩቅ ስትሆን፣ ቻይንኛውን ከእሱ አስበልጣ ተምራዋለች።