በአደጋ ስራ ላይ ላላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ሰላም ልጆች። አምቡላንስ፣ እሳት አደጋና ትራፊክ ፖሊስ ላይ አዲስ የተመደባችሁት ሰሞኑን ስትጠይቁኝ የነበረውን ለየብቻ ከምመልስላችሁ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። አብዛኛው ጥያቄያችሁ ስለ እቃ ነው፣ ሬድዮ አልተገዛልንም፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ምናምን። እቃው ያስፈልጋል፣ እሱን አልክድም። ግን እድሜዬን በሬድዮና በስልክ ሰውን ከሰው ሳገናኝ የኖርኩ ነኝና እመኑኝ፣ ከእቃው በፊት የሚመጣ ስራ አለ፣ እሱም ማን ለማን ቀድሞ ይናገራል፣ በምን ቃል፣ በየትኛው ቻናል የሚለውን ሶስቱ መስሪያ ቤቶች ቁጭ ብለው ተስማምተው ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ይሄ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው የሚሮጥበት ወጣት ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን የሐረጎን ተራራ መንገድ ውሰዱ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት የጫነ ከባድ መኪና በፍሬን ይወርደዋል፣ ጉም ሲወርድ ደግሞ አስቡት። አንድ ጊዜ "ሐረጎ ላይ መኪና ተገልብጧል" ተባለ፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም አምቡላንስ ተነሳ፣ ሁለቱም ላይኛው ኩርባ ላይ ተገናኙ፣ ሰዎቹ የተጎዱት ግን ታችኛው ላይ ነበር። ማንም አልተኛም፣ ሁሉም ሮጧል፣ ግን ሐረጎ ሙሉ ተራራ ነው፣ ሐረጎ ማለት አድራሻ አይደለም። ስለዚህ ኩርባዎቹን ከደሴ ወደ ታች ቁጥር ስጧቸው፣ ቁጥሩን ሶስቱም መስሪያ ቤት አንድ አይነት አድርጎ ይያዘው፣ የመንገድ ሰዎች ፈቅደው ድንጋይ ላይ በቀለም ቢጻፍማ እንዴት ጥሩ ነበር። ከተማ ውስጥም እንደዛው ነው፣ "ከመስጊዱ ከፍ ብሎ" ሲባል የትኛው መስጊድ፣ ደሴ እኮ ስንት መስጊድና ስንት ቤተክርስቲያን ያለባት ከተማ ናት። ሰፈር፣ ከዛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት፣ ከዛ ከምልክቱ በየት በኩል፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይነገር።

ሰዓትም አለ። እኔ ስራ የጀመርኩት በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ነው፣ እህሉ ከአሰብ ወደብ ተነስቶ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ከዛ ወደ ሰሜን ወደ ኮረም ይወጣል፣ እኛ ሩቅ በሚደርሰው በኤችኤፍ ሬድዮ ስንት መኪና ተነሳ ስንት ደረሰ እየተባባልን እናድራለን። የኛ ሰው 3 ሰዓት ሲል ከጠዋቱ 3 ማለቱ ነው፣ ፈረንጁ 3 ሰዓት ሲል ደግሞ ለኛ 9 ሰዓት ነው። የተራበ ሰው እህል ሲጠብቅ 6 ሰዓት ብዙ ነው። ዛሬም ከኤርፖርት ሰዎች ጋር፣ ከውጭ ድርጅቶች ጋር ስትሰሩ ይሄው ነገር አለ፣ ቀኑም ጭምር፣ ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ "በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ተብሎ ሙሉውን ይነገር ብላችሁ ጻፉ። ቁጥርም እንደዛው፣ ድምጹ በተቆራረጠ ሬድዮ ላይ ሰባትና ሰባ፣ ዘጠኝና ዘጠና አይለይም፣ ታርጋና የተጎጂ ብዛት አንድ አንድ ዲጂት እየተባለ ይነገርና ተቀባዩ ደግሞ መልሶ ያንብበው። "እሺ ገባኝ" መልስ አይደለም፣ የሰማኸውን ደግመህ ስትነግረኝ ነው የገባህ።

ይሄ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካሊፎርኒያ በፈረንጆች 1970 በ13 ቀን ውስጥ 16 ሰው የሞተበት፣ ከ700 በላይ ህንጻ የወደመበት ሰደድ እሳት ነበር፣ እሳት አጥፊዎቹ ከተለያየ መስሪያ ቤት መጥተው ሬድዮአቸው አይገናኝም፣ ለአንድ እቃ የሚሰጡት ስም እንኳን ይለያያል፣ ዛሬ ኢንሲደንት ኮማንድ ሲስተም የሚባለው፣ ብዙ መስሪያ ቤት በአንድ የእዝ ሰንሰለትና በአንድ ቃል የሚሰራበት አሰራር የመጣው ከዛ በኋላ ነው። ኒውዮርክ ላይ በፈረንጆች 2001 መንትያዎቹ ህንጻዎች በአውሮፕላን ሲመቱም ከላይ በሄሊኮፕተር የነበሩት ፖሊሶች ሊወድቅ እንደሚችል አይተው አስጠንቅቀዋል፣ ማስጠንቀቂያው ግን ለእሳት አደጋ አዛዦቹ አልደረሰም። በዛ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሰራተኞች ሞተዋል፣ ሁሉም በዚህ ምክንያት ሞቱ ማለቴ አይደለም፣ ግን ያ መልእክት መድረስ ነበረበት። አሜሪካኖቹ ከፈረንጆች 2006 ጀምሮ ብዙ መስሪያ ቤት በሚገኝበት አደጋ ላይ ኮድ ቀርቶ ግልጽ ቋንቋ ይነገር ብለዋል። እናንተም በየመስሪያ ቤታችሁ ያላችሁን የቁጥርና የምስጢር አባባል እዛው በየመስሪያ ቤታችሁ ተዉት፣ የጋራ ቻናል ላይ ስትመጡ ግን ተራ አማርኛ ይሁን።

የመጀመሪያው መልእክት ምን እንደሚይዝም ተስማሙ። የእንግሊዝ ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ ሜቴን የሚሉት አንድ የጋራ ቅደም ተከተል አላቸው፣ ከባድ አደጋ መሆኑን መናገር፣ ትክክለኛ ቦታው፣ ምን አይነት አደጋ፣ ምን የሚያሰጋ ነገር አለ፣ በየት በኩል ይገባል፣ ስንት ተጎጂ፣ ማን ደርሷል ማንስ ያስፈልጋል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው በየት በኩል ይገባል የሚለውን ነው፣ እኛ አገር መንገዱ በቆመ መኪናና በተሰበሰበ ሰው ስለሚዘጋ ከየት በኩል ኑ ማለት ግማሽ ስራ ነው። ሰው ደግሞ የሚደውለው ወደ አንድ ቦታ አይደለም፣ አንዱ 907 ቀይ መስቀል ይደውላል፣ ሌላው ለሚያውቀው ፖሊስ፣ ሌላው ሆስፒታል ለሚሰራ ዘመዱ። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ህግ ይሄ ነው፣ መጀመሪያ የሰማው ለሌሎቹ ሁለቱ ይንገር፣ የኔ ስራ አይደለም ብሎ ስልኩን አይዝጋ። የተረኛ ስልክም የሰው ሳይሆን የጠረጴዛው ይሁን፣ አንድ ልጅ ተዛውሮ ሲሄድ ሲም ካርዱን ይዞ ሄዶ ጣቢያው ሳይገኝ የቀረበትን ጊዜ አይቻለሁ። ቴሌግራም ግሩፕ ለስብሰባና ለፎቶ ጥሩ ነው፣ ለአስቸኳይ ጥሪ ግን አትመኑት፣ አደጋ ሲከብድ ሁሉም ሰው ስልክ ስለሚያነሳ ኔትወርኩም ይጨናነቃል።

ስለ ሬድዮ ትንሽ ልበል። ደሴ በተራራ የተከበበች ናት፣ ቪኤችኤፍ የሚባለው የቅርብ ርቀት ሬድዮ ደግሞ ተራራ አያልፍም፣ ከፍታ ላይ ድምጹን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሪፒተር ከሌለ ከጦሳ ተራራ ስር ሆኖ ኮምቦልቻን ማግኘት ከባድ ነው። የት ድምጽ እንደሚገባ የት እንደሚጠፋ ራሳችሁ እየዞራችሁ ሞክሩና ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። የሬድዮውን የመናገሪያ ቁልፍ ተጫንና አንድ ሰከንድ ቆይተህ ተናገር፣ ካልሆነ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፣ የሚቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቦታው ስም ነው።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ፣ የሟች ስም በሬድዮ አይጠራ። እኛ አገር መርዶ ስርዓት አለው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሬድዮው ግን አምቡላንስ ውስጥ ክፍት ነው፣ ጎን የተቀመጠው ወንድሙ ሊሆን ይችላል። ቁጥር ብቻ ንገሩ፣ ስሙን ለቤተሰብ የሚነግረው ማን እንደሆነም እዛው ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ እባካችሁ ይሄን እንዳትረሱት።

የስምምነቱን ረቂቅ ስታዘጋጁ ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ አትሁኑ። ኮምቦልቻ መገናኛ ናት፣ በአንድ በኩል ከሚሴ፣ በአንድ በኩል ባቲ፣ እዛ ኦሮምኛ ነው፣ ከባቲ አልፎ ወደ ሚሌ ሲወረድ አፋርኛ ነው፣ የጅቡቲው ጭነት ደግሞ በዛው ነው የሚመላለሰው። በየተራው ኦሮምኛና አፋርኛ የሚሰማ ሰው ማን እንደሆነ ስሙና ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይለጠፍ። ለመጀመሪያው ልምምድ መኪና ማስነሳት አያስፈልግም፣ በተለያየ ክፍል ተቀመጡ፣ እንዳትተያዩ፣ አንዱ ከባቲ መንገድ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ተገልብጧል ብሎ ይደውል፣ ከዛ በስልክ ብቻ ተነጋገሩና በመጨረሻ ሁላችሁም የጻፋችሁትን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ቦታው፣ ሰዓቱና የተጎጂው ብዛት የተለያየበትን መስመር አስምሩበት፣ የሚቀጥለው ሳምንት ስራችሁ እሱ ነው። የከሚሴና የባቲ ልጆችንም ጥሩልኝ፣ ረቂቁ ሲያልቅ ደግሞ ላኩልኝ፣ አነበዋለሁ።