ባልሽ በሕይወት እያለ ለምን ታለቅሺዋለሽ?

«ባሕር ዳር ነው የምኖረው። 27 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ 46። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። ጤነኛ ሰው ነው። እኔ ግን ሌሊት እየነቃሁ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። እኔ 50 ስሞላ እሱ 69 ይሆናል እያልኩ አሰላለሁ። ልጅ እንውለድ ሲለኝ እሺ ማለት አቃተኝ። ማታ ማታ ጣና ዳር መሄዱንም ትተናል። እናቴ ባሏ የሞተባት በ31 ዓመቷ ነው፤ ‹እኔን አይተሽ አትማሪም?› ትለኛለች። የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን ልብ ወለድ ታሪክ እወዳለሁ። የማትሞተዋ አርዌን አንድ ቀን መሞቱ የማይቀረውን አራጎርንን ስታገባ ባነበብኩ ቁጥር አለቅሳለሁ። የእኔም መጨረሻ እሱ ይመስለኛል። ባሌ ሰሞኑን ‹ቀዝቅዘሽብኛል› አለኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከዕድሜያችሁ ልዩነት ይልቅ ያሳሰበኝ ባልሽ ያለሽ ቃል ነው።

ኤሪክ ሊንደማን የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1944 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነገር አለ። ጊዜው የጦርነት ነው። ባሏ የዘመተባት ሚስት በየቀኑ ሞቱን ታስባለች። በልቧ ታለቅሰዋለች፣ ትቀብረዋለች፣ ሐዘኗንም ትጨርሳለች። ሰውየው ግን በሰላም ይመለሳል። ሲመለስ የሚያገኛት ከእንግዲህ የማትወደው ሚስት ሆና ነው። ክፋት የለባትም፤ ቀድማ ቀብራዋለች። ባልሽ ቅዝቃዜ ያለው ይህን ይመስለኛል። ደግነቱ አንቺ ገና ትፈሪለታለሽ። ፍቅሩ አለ።

ስለ አርዌን ግን ልከራከርሽ። አራጎርን የሚያርፈው በ210 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት 120 ዓመት ያህል በደስታ አብረው ኖረዋል። ያ ሁሉ ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል፤ የሞቱ ቀን ግን በዝርዝር ይተረካል። አንቺም የራስሽን ትዳር እንዲሁ እያነበብሽው ነው። መለያየቱ መራራ እንደሆነባት አልክድሽም። እሱን ስትመርጥም ከአባቷ ከኤልሮንድ ላትገናኝ ተለይታለች። ዋጋውን እያወቀች ነው የገባችበት፤ ገብታ ደግሞ ኖረችው።

እኛም ዘንድ ሞት ያልቀመሱ አሉ። ሄኖክና ኤልያስ በብሔረ ሕያዋን ናቸው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው የሄኖክን ሚስት ነው። መጽሐፈ ሄኖክ እድና ይላታል። እሱ ሲወሰድ እሷ ምን ሆና ይሆን? የቀሪን ጭንቀት ቀላል አድርጌ እንዳላየሁብሽ እወቂልኝ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ስትነቂ ትንፋሹን አታዳምጪ። ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። ግን ባዳመጥሽ ቁጥር ለደቂቃ ትረጋጊያለሽ፣ ከዚያ ፍርሃቱ ተመልሶ ሌላ ማዳመጥ ይጠይቅሻል። እንዲህ እያለ ነው ሥር የሚሰደው። እጅሽን ትከሻው ላይ ጣል አድርጊና ተኚ። ደም ግፊቱንና ስኳሩን በዓመት አንዴ ይታይ፤ የቀረውን ለሐኪሙ ተዪው። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ አንቺም የሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋ በአካል ሂጂ።

የልጁን ነገር በፍርሃት መሀል ሆነሽ አትወስኚ፤ እምቢም እሺም አትበይ። መጀመሪያ ለእሱ ንገሪው። «ስለምፈራ ነው የራቅኩህ» በይው፣ ልክ እንደዚህ። እስካሁን የሚያውቀው መራቅሽን ብቻ ነው፤ ምናልባት አርጅቼባታለሁ ብሎ ያስብ ይሆናል። ወደ ሐይቁ ዳር ውሰጂው። የቆሮሶ ዓሣ ጥብሱን ብሉ፣ ታንኳዎቹ ሲመለሱ እያያችሁ አውሩ። ስለ ሞት ብቻ እንዳይሆን ወሬው። ስለ መጪው ጥምቀትም አውሩ።

እናትሽ ደግሞ የሚያስፈራሩሽ ክፉ ስለተመኙልሽ አይደለም። የራሳቸው ቁስል ነው። አባትሽ የሞቱበትን ቀን ደጋግመው ነግረውሽ ይሆናል። አንድ ቀን ቡና አፍይላቸውና ከዚያ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ጠይቂያቸው። አባትሽ በምን ያስቋቸው ነበር? የት ይወስዷቸው ነበር? ያንን ትዳር ቢቀርብኝ ይሻለኝ ነበር ይላሉ ወይ? መልሱን ከእሳቸው አፍ ስሚው።