ከፓንታኒ ደም የሚነበበው፦ ለወጣት ብስክሌተኞች

ልጆቼ፣

ጣሊያናዊውን ብስክሌተኛ ማርኮ ፓንታኒን በቪዲዮ ሳታዩት አልቀራችሁም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቱ 57 ኪሎ ገደማ። በተላጨ ራሱ ላይ ሻሽ ያስራል፣ ጆሮው ላይ ሎቲ አለ፤ «የባሕር ወንበዴው» የሚሉት ለዚህ ነበር። ዳገቱ ሲከር መሪውን ከታችኛው ጥምዝ ጨብጦ ከኮርቻው ይነሣል። ሌላው ዳገት ወጪ ከላይ ይዞ ሲወጣ እሱ መጨረሻው መስመር ላይ እንደሚሽቀዳደም ሰው ከታች ነበር የሚይዘው። ይህን አትቅዱ፤ ለእሱ ወገብ የተስማማው ለአብዛኞቻችሁ የጀርባ ሕመም ነው የሚሆነው።

ስለ እሱ የሚወራው ሁልጊዜ ወይ ስለ ዳገቱ ነው ወይ ስለ አሟሟቱ። እኔ የምጽፍላችሁ በመሀል ስላለው ስለ ደሙ ነው። ነገ እናንተም ክንዳችሁን ለመርፌ ስትዘረጉ የሚጠብቃችሁ እሱ ስለሆነ።

የስፖርት ታሪኩን ባጭሩ ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1970 በጣሊያን ቼዜና ተወለደ፣ በአድሪያቲክ ዳርቻ ባለችው ቼዜናቲኮ አደገ። በ1994 በጣሊያን ዙር በጂሮ ዲታሊያ ሁለተኛ፣ በፈረንሳይ ዙር በቱር ደ ፍራንስ ሦስተኛ ወጣ። በኦክቶበር 1995 በሚላኖ–ቶሪኖ ውድድር ቁልቁለት ሲወርድ ፊት ለፊት ከመጣ መኪና ጋር ተጋጭቶ ግራ እግሩ ተሰበረ። ብዙዎች አበቃለት ሲሉ በ1997 ቱር እንደገና ሦስተኛ ሆነ። በ1998 ጂሮንም ቱርንም በአንድ ዓመት አሸነፈ፤ ይህን ያደረጉት ከእሱ በፊት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ከእሱ በኋላም እስከ 2024 ማንም አልደገመውም። ጁላይ 27 ቀን 1998 በብርድና በዝናብ ጋሊቢዬ ተራራ ላይ ተቀናቃኞቹን ጥሏቸው ሄዶ ሌ ዱዛልፕ ሲደርስ የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ የለበሰው ያን ኡልሪክ ዘጠኝ ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነበር የገባው።

አሁን ወደ ደሙ። ሄማቶክሪት ማለት ከደማችሁ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት የሚይዙት ድርሻ ነው። ደሙ በቀጭን ቱቦ ሆኖ ሴንትሪፊዩጅ በሚባል መሣሪያ በፍጥነት ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይሰፍራል፣ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል፤ ቀዩ ከመቶው ስንት እንደሆነ ይነበባል። በጤነኛ ወንድ ከ40 እስከ 50 ይሆናል፣ በሴት ጥቂት ዝቅ ይላል። ኢፒኦ ደግሞ ኩላሊት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ መቅኔን «ቀይ ሕዋስ አምርት» ብሎ ያዛል። በፋብሪካ የተሠራው በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ኩላሊታቸው ለደከመ ሕመምተኞች ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ብስክሌቱ ዓለም ገባ። ቀይ ሕዋስ ሲበዛ ወደ ጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅን ይበዛልና።

ኢፒኦ ክልክል ቢሆንም እስከ 2000 ድረስ መመርመሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1997 ጣሪያ አበጀ፦ ለወንድ 50፣ ለሴት 47። ከዚያ ያለፈ «ለጤናው ሲባል» ሁለት ሳምንት ከውድድር ይወጣል። የተከተለውን ልብ በሉ፤ ጣሪያው ዒላማ ሆነ። ብስክሌተኞች ትንሽ ሴንትሪፊዩጅ በሻንጣ ይዘው በየሆቴሉ ደማቸውን ራሳቸው ይለኩ ጀመር። ከፍ ካለ ግሉኮስ እንደሚተከለው ሁሉ የጨው ውኃ በደም ሥር ይሰጣል፣ ደሙ ይቀጥናል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። 49 ላይ መቆም ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። «ሁሉም ከተጠቀመ ውድድሩ እኩል ነው» የሚሏችሁን እዚህ ላይ ያዟቸው፦ የተፈጥሮ ቁጥሩ 41 የሆነ ሰው ስምንት ነጥብ ይጨምራል፣ 48 ሆኖ የተወለደው አንድ ብቻ። ምኑ ነው እኩልነቱ?

ደሙ በወፈረ ቁጥር ልብ ለመግፋት ይቸገራል። በሞቃት ቀን ላብ ሲወጣ ይብሱን ይወፍራል፤ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጎል የሚሄድበት ዕድል ይጨምራል። ፓንታኒ በ1995 በተሰበረበት ቀን ሆስፒታል ሲገባ የተለካው ሄማቶክሪት ከ60 በላይ እንደነበር በኋላ ይፋ ወጥቷል። ሰውነቱ በዚያ ደም ዳገት ይወጣ ነበር ማለት ነው።

ጁን 5 ቀን 1999 ጠዋት፣ ማዶና ዲ ካምፒሊዮ። ጂሮው ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ፓንታኒ የጂሮውን መሪ ሮዝ ማሊያ ለብሷል፣ ከተከታዩ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይርቃል፣ ያለፈውን ቀን ውድድርም እዚያው አሸንፏል። ደሙ ሲለካ 52 ሆነ። ከውድድሩ ወጣ።

ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ሁለት ነጥብ ነው። ሐኪም የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ሦስት ሳምንት የጋለበ ሰው ፕላዝማው ስለሚበዛ ሄማቶክሪቱ በተፈጥሮ ይወርዳል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከመነሻው ዝቅ ብሎ መገኘት ሲገባው 52 መሆኑ ነው ጥያቄው። በዚያው ቀን በኢሞላ በተደረገ ሌላ ምርመራ ግን ከ50 በታች ተገኘ፤ ሤራ ነው የሚሉት እስከ ዛሬ ይህን ይጠቅሳሉ። እኔ ሁለቱም ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል እላለሁ። በመሀል ሰዓታት አልፈዋል፤ ሰው ሲጠጣ፣ ሲጋደም፣ ፈሳሽ ሲሰጠው ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ልኬት ብቻውን ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው። በ2008 የመጣው ባዮሎጂካል ፓስፖርትም አንድ ጣሪያ ለሁሉም አያስቀምጥም፤ የራሳችሁን ሂሞግሎቢንና ገና የተወለዱ ቀይ ሕዋሳታችሁን በዓመታት ውስጥ ይከታተላል። ኢፒኦ ያቆመ ሰው ሂሞግሎቢኑ ከፍ ብሎ ሳለ መቅኔው ሥራ ስለሚያቆም አዲሶቹ ሕዋሳት ያሽቆለቁላሉ። ይህን በጨው ውኃ መሸፈን ከባድ ነው።

ስለዚህ ደም ሲወሰድ ቸል አትበሉ። ከልምምድ ወይም ከውድድር በኋላ በሕጉ የተወሰነው ጊዜ ማለፍ አለበት። እግራችሁ መሬት ረግጦ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቁጭ ማለት አለባችሁ፤ ቁጥሩ ከመቆም ወደ መቀመጥ ይለወጣል። ደም ስትሰጡ የምትሞሉት ቅጽ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነበራችሁ ወይ ይላል፣ ባለፉት ሦስት ወራት ደም ፈሷችኋል ወይ ይላል። እዚህ ላይ «የለም» ብሎ በችኮላ ፈርሞ መሄድ ከዓመታት በኋላ ንጹሑንም ሰው ችግር ውስጥ ይከታል። ቅጂውን ወስዳችሁ አስቀምጡ።

መርፌን በተመለከተ ጠንከር ልበል። የቡድኑ ሐኪም «ማገገሚያ ነው» ካለ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሕመሙን ምክንያት ጽፎ እንዲፈርምላችሁ ጠይቁ። የሚሰጠው ነገር ሕጋዊ ከሆነ መጻፍ አይከብደውም፤ የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። የብስክሌት ማኅበሩ ያለ ሕክምና ምክንያት መርፌን በ2011 ከልክሏል። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ፣ ሆስፒታል ካልተኛችሁ ወይም ፈቃድ ከሌላችሁ፣ ውስጡ ውኃና ጨው ብቻ ቢሆንም ጥፋት ነው። ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል። በእውነት ታማችሁ ክልክል መድኃኒት ካስፈለጋችሁ የሕክምና ፈቃዱን ከውድድሩ ቢያንስ 30 ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። ዱቄትና ክኒን ከገዛችሁ የምርት ቁጥሩን ፎቶ አንሡ፣ ከዚያው ምርት አንድ ያልተከፈተ አስቀምጡ፤ ተበክሎ ከሆነ የሚያድናችሁ እሱ ብቻ ነው።

ወደ ፓንታኒ ልመለስ፣ ምክንያቱም ከዚያ ጠዋት በኋላ የሆነው ከመርፌው የከፋ ነው። ቅጣቱ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ግን ያ ቁጥር አበረታች ቅመም ለመውሰዱ ማስረጃ አልሆነም፣ ከጥርጣሬም አላወጣውም። እሱም ተጠቅሜያለሁ አላለም። ምርመራው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ጋዜጠኛው ዓመታት ተከታተሉት። በ2000 ቱር ሞን ቫንቱና ኩርሼቬል ላይ አሸነፈ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አላሸነፈም። በ2001 ጂሮ ሲካሄድ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ተገኘ የተባለ የኢንሱሊን ቅሪት ያለበት ስሪንጅ ሌላ ክስ አመጣ። ኮኬይን ገባ፣ ድባቴ ገባ። በ2003 ወደ ሕክምና ተቋም ገባ። የ1998 ቱር ናሙናው በኋላ በአዲሱ ዘዴ ሲመረመር ኢፒኦ ተገኝቶበታል፤ የፈረንሳይ ሴኔት በ2013 ይፋ ሲያደርገው እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። የኡልሪክም ስም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበረ።

ከዚህ ጋር የስኮትላንዱን ዴቪድ ሚላርን አስተያዩት። በ2004 ፖሊስ ቤቱን ሲፈትሽ ያገለገሉ የኢፒኦ ስሪንጆች አገኘ፤ ሚላር አመነ፣ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፣ ሁለት ዓመት ታገደ፣ በ2006 ተመለሰ፣ በዓለም ጸረ-አበረታች ቅመም ድርጅት የአትሌቶች ኮሚቴ ውስጥም ሠራ። ሚላር የተሻለ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ጉዳዩ መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው፣ የፓንታኒ አልነበረውም ማለቴ ነው።

ስለዚህ የተያዛችሁ ቀን ማስታወቂያው ሲመጣ መጀመሪያ የምትደውሉት ለቡድኑ ሥራ አስኪያጅ አይሁን፤ የሥራ አስኪያጁ ጭንቀት ስለ ስፖንሰሩ ነው። የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ። ለማረጋገጫ የተቀመጠው ሁለተኛው ናሙና፣ ናሙና «ቢ»፣ እንዲከፈት መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ቀነ ገደቡን አንብቡ። ስለ ጉዳዩ በስልክ መልእክት ለማንም አትጻፉ። ካጠፋችሁ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ የክስ ማስታወቂያው በደረሳችሁ በ20 ቀን ውስጥ አምናችሁ ቅጣቱን ብትቀበሉ ከአራት ዓመቱ እገዳ አንዱ ዓመት ይቀነሳል። ናሙና እስከ አሥር ዓመት ይቀመጣል፤ ዛሬ ያልታየው በሚቀጥለው መሣሪያ ይታያል፤ የ1998ቱ ምሳሌ ይበቃችኋል። ኮኬይንም ቢሆን ከውድድር ውጪና ከስፖርቱ ጋር ሳይያያዝ የተወሰደ መሆኑ ከተረጋገጠ እገዳው ሦስት ወር ነው፤ የሕክምና ፕሮግራም ላጠናቀቀ ወደ አንድ ወር ይወርዳል። ብዙ ወጣት ይህን ስለማያውቅ ነው ሱሱን የሚደብቀው።

የመጨረሻው ለተከሳሹ ሳይሆን ለቡድን ጓደኞቹ ነው። ፓንታኒ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2004 በሪሚኒ አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ሞቶ ተገኘ፤ ምክንያቱ የኮኬይን መመረዝ ነበር፣ ዕድሜው 34። ወደ ሆቴሉ ከገባ ቀናት አልፈው ነበር። ጓደኛችሁ ሲታገድ ከቡድኑ የመልእክት ዝርዝር ወዲያው ይወጣል፤ ሕጉም ከቡድኑ ጋር እንዳይለማመድ ይከለክለዋል። በመንገድ አብራችሁት ለመንዳት ወይም ቤቱ ለመሄድ ግን ማንም አይከለክላችሁም። ተራ አውጡ፣ ማን ማክሰኞ እንደሚሄድ ማን ዓርብ እንደሚሄድ ይታወቅ። ስልክ ካላነሳ ሂዱና አንኳኩ። ኮኬይን ወስዶ ከሆነና ደረቱን ካመመው፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ንግግሩ ከተዛባ «ተኝቶ ይነሣል» አትበሉ፤ አምቡላንስ ጥሩ፣ ምን እንደወሰደም ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ፤ የልብ መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚያ ነው።